የመጀመሪያ ልብ ወለድን በራስ ወጪ ማሳተም

በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ለአንባቢ የሚያበቃ ደራሲ ብዙውን ጊዜ አሳታሚውም አከፋፋዩም ራሱ ነው። የመተከል ዞን መዲና በሆነችው በግልገል በለስ ለሚኖር ጀማሪ ጸሐፊ ደግሞ የመጻሕፍት ኅትመትና ሽያጭ በአመዛኙ በአዲስ አበባ መከማቸቱ የጉዞና የማጓጓዣ ወጪ ይጨምርበታል።

ማተሚያ ቤትና አሳታሚ አንድ አይደሉም። አሳታሚ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ትርፍና ኪሳራውን ይሸከማል። ማተሚያ ቤት ግን መጽሐፉ ቢሸጥም ባይሸጥም የአገልግሎት ዋጋውን ይቀበላል። የኅትመቱ ብዛት ሲጨምር የአንዱ ቅጂ ዋጋ ስለሚቀንስ ጀማሪው ብዙ ለማሳተም ይገፋፋል፤ ያልተሸጠው ግን በእጁ ይቀራል። ለመደብር በአደራ የሰጠውም መጽሐፍ ገንዘብ የሚሆነው ከተሸጠ በኋላ ነው። በመሆኑም በጥቂት ቅጂ ጀምሮ ገበያውን ማየት፣ የተረከቡትን ቅጂ ብዛትም በፊርማ ማረጋገጥ ይበጃል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ የሆነ ድርሰት በጽሑፍ ከሰፈረ ያለ ምዝገባም ጥበቃ እንደሚያገኝ ይደነግጋል። የኢኮኖሚ መብቱም በደራሲው የሕይወት ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል።

በራሱ ወጪ የሚያሳትም ደራሲ ኪሳራውን ብቻውን ቢሸከምም መብቱን አሳልፎ አይሰጥም። መጽሐፉ ተወዳጅ ሆኖ ለሁለተኛ ኅትመት ሲበቃ የዚህ ጥቅም ጎልቶ ይታያል።