ስለ ማረሚያ ቤት ሠራተኞች የሙያ ትምህርትና ስለ አለቆቻቸው አመራር

መግቢያ

ፍርድ ቤት አንድን ሰው በአምስት ዓመት እስራት በቀጣ ቀን የዳኛው ሥራ ይፈጸማል። ዐቃቤ ሕጉና ጠበቃውም መዝገባቸውን ዘግተው ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋሉ። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ከ1,800 የሚበልጡ ቀኖች ግን ያ ሰው የሚያሳልፋቸው ከማረሚያ ቤት ሠራተኛ ጋራ ነው። በማለዳ የሚቈጥረው፣ በር የሚከፍትለት፣ ሲታመም ለሐኪም የሚነግርለት ወይም ዝም የሚለው፣ ቤተሰቡ ስንቅ ይዞ ሲመጣ የሚያገናኘው ይህ ሠራተኛ ነው። ስለ ዳኛውና ስለ ጠበቃው ትምህርት ብዙ ይጻፋል፣ ብዙም ይባላል። ስለዚህኛው ሰው ትምህርት ግን በመካከላችን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነገር ማስረዳት ነው። አንደኛው፣ እስረኛን መጠበቅ ራሱን የቻለ ሙያ ስለ ሆነ እንደ ማናቸውም ሙያ ትምህርት የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ትምህርት ሥር የሚሰደው አለቃው በየቀኑ ሲሠራበት ብቻ መሆኑ ነው። ስለ ውጭ አገር የተጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስለ አገራችን የተጠቀሱት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይገንዘብልን።

ሀ) ስሙ የሚነግረን

በቀድሞው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ወይም በኩታቸው ጫፍ ይቈራኙ ነበር። ጠባቂውም ባለጉዳዩ ራሱ ነበር። ዛሬም «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የምንለው ከዚሁ ልማድ የመጣ አነጋገር ነው። «ወህኒ» የሚለው ቃልም በጎንደር ዘመን የነገሥታቱ ወንዶች ልጆችና ወንድሞች ይጠበቁበት ከነበረው ከወኅኒ አምባ ጋራ የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባ የነበረውን ዋና ወህኒ ቤት ደግሞ ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ይለው ነበር፤ ቤቱ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ በ2004 ዓ.ም. ተመርቋል። እነዚህ ስሞች ሁሉ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰውን ከሌላው ለይቶ ማቈየት ነው።

«ማረሚያ ቤት» የሚለው ስም ግን ሌላ ሐሳብ ይዟል። በ1995 ዓ.ም. የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 365 ሲቋቋም ዓላማው እስረኞችን ተቀብሎ መጠበቅ ብቻ አልነበረም። ሲወጡ ሕግ አክባሪ፣ ሰላማዊና አምራች ዜጎች እንዲሆኑ ማነጽም ነበር። ማረም የሚለው ቃል ከገበሬው ዘንድ የመጣ ነው። ማሳ የሚያርም ሰው አረሙን ከቡቃያው ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። በተለይ ጤፍ ገና ለጋ ሳለ ከአረሙ ጋራ ስለሚመሳሰል ያልለመደ እጅ ሁለቱንም አብሮ ይነቅላል። ሰውን የሚያርምስ እንዴት ሳይማር ይሠራዋል?

ለ) የጠባቂው ሥራ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የጠባቂ ሥራ በር መቈለፍና መሣሪያ ይዞ መቆም ይመስለዋል። በእርግጥ ግንብ፣ ቁልፍና አጥር ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ግንብ አይሰማም፣ ቁልፍም አይጠይቅም። ትናንት ይጫወት የነበረ እስረኛ ዛሬ ምግቡን ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ቢያዞር፣ ይህን የሚያየው እስረኛውን በስሙና በጠባዩ የሚያውቅ ሠራተኛ ብቻ ነው። ምናልባት ከቤቱ መርዶ ሰምቶ ይሆናል፤ ምናልባት ሌሎች እስረኞች እያስፈራሩት ይሆናል፤ ምናልባትም ራሱን ለማጥፋት አስቦ ይሆናል። ሠራተኛው በጊዜ ቢጠይቀው አንድ ነፍስ ይተርፋል፤ ወይም አንድ ጠብ ሳይነሣ ይበርዳል።

ኢያን ደንባር የተባሉ እንግሊዛዊ የወህኒ ቤት ኃላፊ በ1985 ባወጡት ጽሑፍ ይህን ዓይነቱን አሠራር ከግንብና ከቁልፍ ጥበቃ ለይተው ስም ሰጡት። በአማርኛ «ሕያው ጥበቃ» ብንለው የሚስማማ ይመስለናል። ሐሳቡ ሦስት ነገር ያጣምራል፤ ሠራተኛው እስረኛውን ማወቁ፣ በሁለቱ መካከል አግባብ ያለው ግንኙነት መኖሩ፣ እስረኛውም ቀኑን የሚያውልበት ቁም ነገር ማግኘቱ ናቸው። ይህ ግንኙነት ወዳጅነት አይደለም። ሠራተኛው ደንቡን ያስከብራል፣ እምቢ ማለት የሚገባውንም እምቢ ይላል፤ ነገር ግን የከለከለበትን ምክንያት ያስረዳል። እንግዲህ በአክብሮት መከልከል፣ የተቈጣን ሰው በቃል ማብረድ፣ ያዩትንም በጽሑፍ ማስታወሻ መያዝ በተፈጥሮ ብቻ የሚገኙ ነገሮች አይደሉም፤ ይማሯቸዋል።

ሐ) ምን ይማር?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1955 በጄኔቫ ባደረገው ጉባኤ ስለ እስረኞች አያያዝ ዝቅተኛውን ደንብ አወጣ። ይህም ደንብ ታድሶ ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 17 ቀን 2015 በጠቅላላው ጉባኤ ሲጸድቅ የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ተብሎ ተሰየመ። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኮልፌ የወታደር ትምህርት የተማሩ፣ ከዚያም ወደ አገራቸው ተመልሰው 27 ዓመት የታሰሩ ሰው መሆናቸውን እናውቃለን።

ከ122ቱ ደንቦች መካከል ከ74 እስከ 82 ያሉት ስለ ሠራተኞች ናቸው። ዋና ዋና ቃላቸው በአጭሩ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ሠራተኞች በጥንቃቄ ተመርጠው ቋሚና የዋስትና መብት ያላቸው የመንግሥት ሠራተኞች ይሁኑ፤ ደመወዛቸውም ብቁ ሰዎችን ስቦ የሚያቈይ ይሁን።

2ኛ. ማንም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይሠልጥን፤ በቃልም በተግባርም ተፈትኖ ያለፈ ብቻ ይግባ፤ ከገባም በኋላ ትምህርቱ አይቋረጥ።

3ኛ. ትምህርቱ የአገሩን ሕግና ዓለም አቀፍ ደንቦችን፣ የሠራተኛውን መብትና ግዴታ፣ ሰብአዊ ክብርንና የማሠቃየትን ክልክልነት፣ ሕያው ጥበቃን፣ ኀይል ስለሚፈቀድበት ልክና ጠብን በንግግር ስለ ማብረድ፣ የመጀመሪያ እርዳታንና የአእምሮ ሕመምን ምልክት በጊዜ ስለ መለየት ያካትት።

4ኛ. ኃላፊው፣ ምክትሉና አብዛኞቹ ሠራተኞች ብዙዎቹ እስረኞች የሚናገሩትን ወይም የሚረዱትን ቋንቋ ይቻሉ።

5ኛ. ከእስረኞች ጋራ በቀጥታ የሚውሉ ሠራተኞች ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር መሣሪያ አይያዙ።

አራተኛው ነጥብ ብዙ ቋንቋ ለሚነገርበት አገራችን ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደ ሆነ ለአንባቢው መንገር አያስፈልግም። የታመመበትን ቦታ መናገር የማይችል እስረኛ ያለ ሐኪም እንደሚቀር የታወቀ ነው።

መ) አለቃው ሲያበላሽ

በ1971 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፊሊፕ ዚምባርዶ 24 ወጣቶች መርጠው እኩሌቶቹን እስረኛ፣ እኩሌቶቹን ዘበኛ አደረጓቸው። ለሁለት ሳምንት የታሰበው ሙከራ ዘበኞቹ እስረኞቹን እጅግ ስላዋረዱ በ6 ቀን ተቋረጠ። ለብዙ ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት የተሰጠው ትርጓሜ ማንም ሰው የዘበኛ ልብስ ከለበሰ ጨካኝ ይሆናል የሚል ነበር።

ከጊዜ በኋላ ግን የሙከራው መዛግብት ሲመረመሩ ሌላ ነገር ታየ። ዚምባርዶ ራሳቸው የወህኒ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ሆነው ነበር። ሥራው ሳይጀመር ለዘበኞቹ እስረኞቹን እንዲያሰለቹና አቅመ ቢስ መሆናቸው እንዲሰማቸው እንዲያደርጉ ነግረዋቸዋል። አንድ ዘበኛ ሲለሳለስም ጠንከር እንዲል ከበላዩ ተመክሯል። ቲቦ ለ ቴክሲዬ የተባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ይህን በ2019 በሰፊው አትተዋል። ስለዚህ ከሙከራው የምንማረው ስለ ልብሱ ሳይሆን ስለ አለቃው ነው። ያልሠለጠነ ሠራተኛ የሚማረው ከአለቃው አፍና ከአለቃው ዝምታ ነው። ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ሠ) ደግ አለቃ ብቻውን

እንዲህ ከሆነ ጥሩ አለቃ መሾም ይበቃል የሚል ይኖር ይሆናል። የካፒቴን አሌክሳንደር ማኮኖኪ ታሪክ ግን አይበቃም ይላል። ማኮኖኪ ቀድሞ የጦር ምርኮኛ ሆነው በፈረንሳይ የታሰሩ፣ በኋላም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው የጂኦግራፊ ፕሮፌሰር የሆኑ ሰው ናቸው። በ1840 በአውስትራሊያ አጠገብ ያለችውን የኖርፎክ ደሴት ግዞት እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። እስረኛው በሥራውና በጠባዩ ነጥብ እያገኘ ነጻነቱን የሚያቀርብበትን ሥርዓት አወጡ። በዚያው ዓመት በንግሥቲቱ ልደት በዓል እስረኞቹን ሁሉ ፈትተው አብልተዋቸው ቲያትር አሳይተዋቸዋል፤ እስረኞቹም ማታ በጸጥታ ወደየማደሪያቸው ተመለሱ።

ነገር ግን ማኮኖኪ በ1844 ከሹመታቸው ተነሡ። ተተኪያቸው ወደ ቀድሞው ጭካኔ ተመለሱ፤ የእስረኞቹ ማብሰያ ድስት ሳይቀር እንዲወሰድ አዘዙ። በ1846 በዚሁ ምክንያት ሁከት ተነሥቶ 4 የጥበቃ ሰዎች ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት 12 እስረኞች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። የማኮኖኪ ሐሳብ መልካም ነበር፤ ሆኖም የአንድ ሰው ሐሳብ እንጂ ከበታች ያሉት ሠራተኞች ሁሉ የተማሩት ሙያ ስላልነበረ ከሰውየው ጋራ አብሮ መርከብ ተሳፈረ።

ረ) የኖርዌይ አሠራር

ሁለቱ ተጣምረው የሚታዩባት አገር ኖርዌይ ናት። እዚያ የማረሚያ ቤት ሠራተኛ ለመሆን በኦስሎ አቅራቢያ በሊለስትረም በሚገኘው የማረሚያ አገልግሎት ኮሌጅ ሁለት ዓመት መማር ያስፈልጋል። ሕግ፣ ሥነ ልቡና፣ የወንጀል ጥናትና ሥነ ምግባር ይማራሉ፤ ከዘመኑም ከፊሉን በማረሚያ ቤት ውስጥ በልምድ ሠራተኞች ሥር ሆነው ያሳልፋሉ። ሥራ ሲይዙም አንዱ ሠራተኛ ለተወሰኑ እስረኞች ተጠሪ ይሆናል፤ የእያንዳንዳቸውን የቅጣት ዘመን ዕቅድና መውጫቸውን አብሯቸው ያስባል። መምህሩ፣ ሐኪሙና የመጻሕፍት ቤቱ ሠራተኛ ደግሞ ከውጭ ካለው ኅብረተሰብ ይመጣሉ እንጂ የማረሚያ ቤቱ ተቀጣሪዎች አይደሉም።

ኖርዌይ ሀብታም አገር ናት፣ እስረኞቿም ጥቂቶች ናቸው፤ ስለዚህ እንዳለ ይቀዳ ማለታችን አይደለም። ይሁን እንጂ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮችም አሉ። አዲስ ሠራተኛ ብቻውን ከመሰማራቱ በፊት ከልምድ ሰው ጋራ እንዲውል ማድረግ፣ ፈረቃ ሲለወጥ ተረኞቹ ስለ እስረኞቹ ሁኔታ እንዲነጋገሩ ማድረግ፣ ኀይል በተጠቀሙ ቍጥር ምክንያቱን ጽፈው እንዲያቀርቡ ማድረግ፣ ኃላፊውም በየቀኑ በግቢው ተዘዋውሮ ከሠራተኛውም ከእስረኛውም አፍ እንዲሰማ ማድረግ፣ ይህ ሁሉ ከበጀት ይልቅ ፈቃድን ይጠይቃል።

ማጠቃለያ

በአገራችን ሕጉ አልጐደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብአዊ ክብሩን በሚጠብቅ ሁኔታ እንዲያዝ ያዛል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ማረሚያ ቤት አዋጅ ቁጥር 1174 ወጥቷል። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ከ23 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው በእስር ቤቶች ማሠቃየት ይፈጸም እንደ ነበረ በይፋ ተናግረዋል። በበሩ ላይ የተጻፈው ስም «ማረሚያ» ነበር። ስሙም ሕጉም ሳለ ይህ መሆኑ የሚያሳየን፣ ሕግ ወደ እስረኛው የሚደርሰው በሠራተኛው እጅ መሆኑን ነው።

እኛ ተማሪዎች ነገ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ሐኪም፣ መምህር ወይም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ እንሆናለን። ማረሚያ ቤት ለመጐብኘት ዕድል ያገኘ የጥናት ጓድ ሕንጻውን አይቶ ብቻ እንዳይመለስ እናሳስባለን። ሠራተኛው የመጀመሪያውን ፈረቃ ከመያዙ በፊት ስንት ሳምንት እንደ ተማረ፣ ማን እንዳስተማረው፣ ለማዕርግ እድገት ምን እንደሚታይለት፣ ከአለቃው ጋራ መጨረሻ የተነጋገረው መቼ እንደ ሆነ ይጠይቅ። የእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ስለ ማረሚያ ቤቱ ከግንቡ ከፍታ ይበልጥ ይናገራል።

የታሰረው ሰው አንድ ቀን ቅጣቱን ፈጽሞ ይወጣል፤ የሚመለሰውም ወደ እኛው ሰፈር ነው። ምን ሆኖ እንደሚመለስ የሚወስነው በከፊል እርሱ ራሱ ነው፤ በከፊል ግን ያን ሁሉ ቀን በሩን ሲከፍትለትና ሲዘጋበት የኖረው ሰው ነው።