ዶኪንግ ስቴሽን፦ መብራት ለሚጠፋበት ቢሮ

በሀብሩ ወረዳ የምትገኘው ሲሪንቃ ስሟ የሚነሣው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። በዚያው ወረዳ ባለችው በግራና ስም የተጠራችው የማሽላ ዝርያ፣ «ግራና-1»፣ የወጣችው ከዚሁ ማዕከል ነው። አንድ ዝርያ ከገበሬው እጅ እስኪገባ የብዙ ዓመት የመስክ ልኬት ይጠይቃል፤ ልኬቱ ዛሬ የሚቀመጠው በኮምፒውተር ነው። በወልድያ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በመርሳና በግራና ባሉ ጽሕፈት ቤቶች፣ ተመልሶ ሊሰበሰብ የማይችል መረጃ በየቀኑ ይመዘገባል። እንዲህ ያለ መረጃ ወደ ሃርድ ዲስክ እየተገለበጠ ሳለ መብራት ድርግም ሲል የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ጉዳቱን ለመቀነስ፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠውን፣ ዶኪንግ ስቴሽን የምትባለውን ትንሽ ሳጥን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል።

ዶኪንግ ስቴሽን፣ ባጭሩ ዶክ፣ ላፕቶፕን በአንድ ገመድ ከብዙ ዕቃ ጋር ያገናኛል። ሞኒተሩ፣ ኪቦርዱ፣ ማውሱ፣ ፕሪንተሩ፣ የኔትወርክ ገመዱና ሃርድ ዲስኩ እዚያው ላይ እንደተሰኩ ይኖራሉ። ሠራተኛው ጠዋት ሲገባ አንዱን ገመድ ይሰካል፤ ወደ መስክ ሲወጣ ነቅሎት ይሄዳል።

አፕል እ.ኤ.አ. በ1992 ለፓወርቡክ ዱዎ ያቀረበው ዶክ ላፕቶፑን እንደ ቪዲዮ ካሴት ወደ ሆዱ የሚያስገባ ነበር። ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱ አምራች የራሱን ማገናኛ ስለሚሠራ የአንዱ ዶክ ለሌላው ላፕቶፕ አይሆንም ነበር። ይህን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ዩኤስቢ-ሲ ነው። 24 የመገናኛ ነጥቦች ያሉት ይህ ማገናኛ ምስልን፣ መረጃንና ኤሌክትሪክን በአንድ ገመድ ያሳልፋል።

ሦስቱ ሥራዎች የተለያዩ ናቸው

ብዙ ሰው ዶክ ካለ ላፕቶፑ የግድ በእሱ በኩል ቻርጅ መደረግ ያለበት ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ገመዱ ሲሰካ ዶኩ ሊሰጥ የሚችለውን ቮልትና አምፒር ያሳውቃል፤ ላፕቶፑ የሚስማማውን ይመርጣል፣ ካልተስማማውም ይተወዋል። ቻርጁ ቢቀርም ምስሉና መረጃው ይተላለፋሉ።

ቻርጁን መለየት ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። አንዳንድ ላፕቶፕ በዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳው መረጃ እንጂ ቻርጅ አይቀበልም። ሌላው 130 ዋት እየፈለገ ዶኩ 60 ብቻ ይሰጠዋል፤ ከባድ ሥራ ሲሠራበት እንደተሰካ ባትሪው ይወርዳል፣ ወይም ፍጥነቱን ይቀንሳል። መፍትሔው ላፕቶፑን በራሱ ቻርጀር፣ ዶኩን በራሱ አዳፕተር ማሠራት ነው። ሁለቱ አብረው ቢሰኩ ችግር የለውም፤ አብዛኛው ላፕቶፕ አንዱን መርጦ ይጠቀማል እንጂ የሁለቱን ኃይል አይደምርም።

ነገር ግን በዶክ በኩል ቻርጅ አለማድረግና ዶኩን ያለ ኤሌክትሪክ ማሠራት ለየቅል ናቸው። አዳፕተር ይዞ የሚመጣ ትልቅ ዶክ አዳፕተሩ ካልተሰካ ብዙውን ጊዜ ጨርሶ አይሠራም። አዳፕተር የሌለው ትንሹ ዓይነት ደግሞ የሚኖረው ከላፕቶፑ በሚያገኘው ኃይል ነው። መደበኛ የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ የሚሰጠው 4.5 ዋት፣ ዩኤስቢ-ሲ ደግሞ ቢበዛ 15 ዋት ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ዶኩ ራሱ የሚበላው ሲቀነስ፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲሰካበት አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ ያስቸግራል። መረጃ የሚበላሸውም እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

መብራት ሲጠፋ

ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው፤ ዶክ ግን የለውም። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ሥራውን ሲቀጥል በአዳፕተር የሚሠራው ዶክ ይጠፋል፤ ሃርድ ዲስኩም በጽሕፈት መሐል ይቋረጣል። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) የሚያስፈልገው ከላፕቶፑ ይልቅ ለእንዲህ ያለው ዶክ ነው።

ሒሳቡን እንይ። በትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባትሪ 12 ቮልትና 7 አምፒር-ሰዓት፣ ማለትም 84 ዋት-ሰዓት ነው። ዶኩ፣ ሃርድ ዲስኩና የኢንተርኔት ራውተሩ በአንድነት 25 ዋት ቢወስዱ በወረቀት ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ ይቆያል። በዚያው ዶክ በኩል ላፕቶፑ ሌላ 65 ዋት ቢስብ ግን ጠቅላላው 90 ዋት ይሆንና አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በተግባር የሚባክን ኃይል ስላለ ሁለቱም ቁጥሮች ዝቅ ይላሉ፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ እንደሆነ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ግድግዳ ላይ የተሰካው ቻርጀር መብራት ሲያጣ፣ ቻርጅ የሚሰጥ ዶክ ካለ ላፕቶፑ ወዲያው ወደ እሱ ዞሮ የዩፒኤሱን ባትሪ መሳብ ይጀምራል። ለማረጋገጥ ዶኩ እንደተሰካ የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉና የባትሪውን ምልክት ይመልከቱ፤ አሁንም ቻርጅ እየተደረገ እንደሆነ ካሳየ ዶኩ እየመገበው ነው። ይህን የሚፈታው በተለመደው ሰፊ የዩኤስቢ-ኤ ቀዳዳ የሚገናኝ፣ ዲስፕሌይሊንክ የተባለውን ዘዴ የሚጠቀም ዶክ ነው። በዚያ ቀዳዳ ላፕቶፑ ቻርጅ አይቀበልም፤ ምስሉ የሚተላለፈው በሶፍትዌር ታምቆ ስለሆነ ግን ድራይቨር የሚባለውን ፕሮግራም አስቀድሞ መጫን ያስፈልጋል። ላፕቶፑ ያለው ቀዳዳ አንድ ዩኤስቢ-ሲ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቻርጁን መለየት አይቻልም፤ ያኔ የሚሻለው አቅሙ ከፍ ያለ ዩፒኤስ ነው።

መብራት ሲመለስ ኃይሉ ሊዋዥቅ ስለሚችል፣ በዩፒኤስ ያልተጠበቀውን ቻርጀር ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይበጃል። ሃርድ ዲስክም በኮምፒውተሩ ትእዛዝ ከተለያየ በኋላ ብቻ ይነቀል።

ዶክ ለመግዛት ያሰበ መሥሪያ ቤት ስንት ቀዳዳ እንዳለው ብቻ ሳይሆን ስንት ዋት እንደሚሰጥ፣ በምን ገመድ እንደሚገናኝ፣ መብራት ሲጠፋም ኃይል ከየት እንደሚወስድ ይጠይቅ። ሻጩ ፊት ቻርጀሩን ነቅሎ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው፤ የአንድ የመኸር ወቅት ልኬት ከጠፋ ግን እስከሚቀጥለው ዝናብ አይተካም።