ካሜራው አገር ቤት እስኪደርስ

በአማንና በዙሪያዋ ከምትሠሩት መካከል ካሜራ የምትገዙት ብዙዎቻችሁ ለራሳችሁ ብላችሁ አይደለም። ወንድም ፎቶ ቤት ሊከፍት አስቧል፣ የእኅት ሠርግ ተቃርቧል፣ ወይም ከቤተሰብ «ስትመጪ ካሜራ ይዘሽልን ነይ» የሚል መልእክት ደርሷል። የብዙ ወር ደመወዝ የወጣበት ይህ ዕቃ ኮንትራቱ እስኪያልቅ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት አልጋ ሥር ይቀመጣል። ሳይሰረቅና ሳይወድቅ፣ እዚያው በተቀመጠበት የሚበላሽ ካሜራ ጥቂት አይደለም።

ዋናው ጠላት ሻጋታ ነው። «አማን ደረቅ አገር ነው፣ እርጥበት ከየት ይመጣል?» የምትል እኅት አትጠፋም። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን ዝናብ አለ፣ አንዳንድ ዓመትም በረዶ ይጥላል፣ የድንጋዩ ግድግዳም በረዶ ሆኖ ይሰነብታል። በዚያ ላይ በጋዝ የሚሠራው ሶባ ሲነድ ሙቀት ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ ከነበልባሉ የውኃ እንፋሎትም ይወጣል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ውኃ ይሆናል። የሠራተኛ ክፍል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከወጥ ቤቱ ወይም ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው፤ ሁሉም እንፋሎት ወደዚያው ነው የሚሄደው። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ሻጋታ ሌንስ ላይ ማደግ ይችላል። ሌንሱን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ስታዩት የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ከታያችሁ ገብቷል ማለት ነው። ውስጥ ከገባ በጨርቅ አይጠፋም፤ ቆይቶም የሌንሱን ቅብ ይበላዋል።

ስለዚህ ካሜራውን ከውጪው ግድግዳ ጋር በተጠጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አታስቀምጡት። በቆዳ ቦርሳውም አታቆዩት፤ ቆዳ እርጥበት ይመጥጣል። ርካሽና ጥሩ የሚሆነው ጥብቅ ክዳን ያለው የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ሲሊካ ጄል የሚባለውን፣ ከአዲስ ጫማ ጋር በትንንሽ ከረጢት የሚመጣውን ነገር ጨምሩበት። ነገር ግን መሳቢያ ውስጥ ለወራት ተጥሎ የቆየው ከረጢት እርጥበቱን ጠጥቶ ጨርሷልና ዋጋ የለውም። አዲስ መሆን አለበት፣ በየጥቂት ወሩም ይለወጥ። በእሱ ፈንታ ሩዝ የሚጨምሩ አሉ፤ ሩዝ ዱቄት ያራግፋል እንጂ ይህን ያህል አያደርቅም። ለልብስ የምናደርገው ናፍታሊን ደግሞ ከካሜራ ጋር በአንድ ሣጥን አይደረግ፤ ትነቱ ሌንሱ ላይ ያርፋል። ከበረኪናም ይራቅ።

ሣጥኑን ዘግቶ መርሳትም ትክክል አይደለም። በወር አንድ ሁለት ጊዜ፣ ፀሐያማ በሆነ ዕለት አውጥታችሁ አናፍሱት፣ ጥቂት ፎቶም አንሱበት። ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ ግን አታስጡት። በብርድ ከውጪ ይዛችሁት ከመጣችሁ ከቦርሳው ሳታወጡ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ሞቃት ክፍል ውስጥ ወዲያው ከተከፈተ ላብ ያልበዋል። በፀደይ የኸማሲን አቧራ ሲነሣም ሌንስ ለመቀየር አትክፈቱት።

ባትሪው ለብቻው ወጥቶ ይቀመጥ። ቻርጅ የሚደረገው ባትሪ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆኖ ከከረመ ሊሞት ይችላል፤ ግማሽ ያህል ሞልቶ ይቀመጥ። በካሜራ ውስጥ የተረሱ ተራ የድንጋይ ባትሪዎችም ፈሰው ውስጡን ያበላሻሉ።

አሁን ደግሞ ከእርጥበቱ በላይ ስለሚያሳስበን ነገር እንናገር። ውድ ዕቃ በሠራተኛ ክፍል ሲገኝ «ከየት አመጣሽው?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ ጥያቄው ወደ ክስ ሲዞር ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው። ስትገዙ ደረሰኙን፣ ዐረቦቹ ፋቱራ የሚሉትን፣ በስማችሁ አስጽፉ፤ የካሜራው መለያ ቁጥርም ይግባበት። ያመጣችሁት ዕለት ለማዳም አሳዩዋት፤ የደበቁት ዕቃ ነው ጥርጣሬ የሚያመጣው። ደረሰኙንም ከካሜራው ጋር በአንድ ሣጥን አታስቀምጡ። የቤቱን ሰዎች፣ በተለይ ሴቶቹንና ልጆቹን፣ ሳይፈቅዱ ፎቶ ማንሣት ሌላ ጣጣ ነው።

ካሜራው ግን በዚህ በኩል ይጠቅማችኋል። ፓስፖርታችሁን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁንና ኮንትራታችሁን ገጽ በገጽ አንሡት። እ.ኤ.አ. የ1969 የዮርዳኖስ ፓስፖርት ሕግ የሌላውን ሰው ፓስፖርት ያለ አግባብ መያዝን ይከለክላል፤ ቢሆንም በአሠሪ እጅ የሚቀር ፓስፖርት ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብም በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣችኋል፤ ያ ቀን ሲገኝ ፎቶዎቹን ለምታምኗት ጓደኛ አስተላልፉ፣ አንድ ቅጂም ወደ አገር ቤት ላኩ። ሜሞሪ ካርዱ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም። ቤት በድንገት ስትለቁ ሻንጣ ሊቀር ይችላል፤ አስቀድሞ የተላከ ፎቶ ግን አይቀርም።

የመመለሻው ቀን ሲደርስ ካሜራውን ጭነት ውስጥ አትክተቱት። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በጭነት ሻንጣ ማስገባት በአውሮፕላን ሕግ ክልክል ስለሆነ ጫፉን በፕላስተር ሸፍናችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙት። ፕላስቲክ ሣጥኑንም ጥላችሁ አትሂዱ፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በአዲስ አበባ ከአማኑ ይብሳል፣ ወንድማችሁም ያስፈልገዋል።