ከአስፋልት እስከ አሸዋ፦ የመስክ መኪና ጎማ አመራረጥና ፊዚክሱ

ላንድ ክሩዘርን የመሰለ የመስክ መኪና ያለው ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ የፋብሪካው ጎማ ሲያልቅ በምን ይተካ? ጥርሱ የገጠጠው፣ ጭቃን የሚያርሰው ይሻላል ወይስ ለአስፋልት የተሠራው? ጉዳዩ ለሾፌርና ለጎሚስታ ብቻ የሚተው ይመስላል። ይሁን እንጂ ውድ አንባቢያን፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርናቸው የግፊት፣ የሰበቃና የጋዞች ሕጎች ከዚህ የበለጠ ጎልተው የሚታዩበት ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። በዩኒቨርሲቲ መኪና የሚሳፈሩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተማሪዎች ስለሆኑ በመልሱ ላይ የተንጠለጠለው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ነገሩን ከመሠረቱ እንጀምር። ከነጭነቱ 2800 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በአራት ጎማዎቹ ላይ እኩል ቢያርፍ እያንዳንዱ ጎማ 700 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ወደ 6900 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል ይሸከማል። ይህን ኃይል የሚሸከመው በዋናነት ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው አየር ነው። ስለሆነም ጎማው መሬት የሚነካበት ስፋት፣ በግርድፉ ሲሰላ፣ ኃይሉ ለአየሩ ግፊት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ግፊቱ 220 ኪሎ ፓስካል (በጎሚስታዎቻችን አነጋገር 32 ፒ.ኤስ.አይ) ሲሆን ስፋቱ 310 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ከአንድ መደበኛ የጽሕፈት ወረቀት ግማሽ ብዙም አይበልጥም። መኪናው ከመንገድ ጋር ያለው ግንኙነት በሙሉ በእነዚህ አራት ግማሽ ወረቀቶች በኩል ነው። በእርግጥ የጎማው ጎን በራሱ ጥንካሬ ጥቂት ክብደት ስለሚሸከም ትክክለኛው ስፋት ከዚህ ያንሳል፤ ለእኛ ዓላማ ግን ስሌቱ በቂ ነው።

አሁን አየሩን ወደ 120 ኪሎ ፓስካል እናውርደው። ስፋቱ ወደ 570 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ብዙ ሰው ጎማው ወደ ጎን የሚሰፋ ይመስለዋል። ሆኖም የጎማው ስፋት በቸርኬውና በአሠራሩ የተወሰነ ስለሆነ፣ የነካው ክፍል በአብዛኛው የሚያድገው በርዝመቱ ነው። በውጤቱም ጎማው እንደ ትራክተር ሰንሰለት ተዘርግቶ በአሸዋው ላይ ይተኛል፤ አሸዋው የሚያርፍበት ግፊት በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ አይሰምጥም። የግመል እግር በአሸዋ ላይ የማይቀበረውም ሰፊና ለስላሳ በመሆኑ፣ በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ በአሸዋ ላይ ወሳኙ ነገር የጥርሱ ቅርጽ ሳይሆን ግፊቱ መሆኑን ልብ ይሏል። እንዲያውም ጥርሱ የገጠጠ ጎማ ሾፌሩ ነዳጅ አብዝቶ በረገጠ ቁጥር አሸዋውን ቆፍሮ ራሱን ይቀብራል።

የመረሬ ጭቃ ጠባይ ከዚህ ይለያል። የተነከረ ጥቁር አፈር በጥርሶቹ መካከል ከተሞላ ጎማው ልሙጥ ሆኖ ባለበት ይሽከረከራል። ለጭቃ የሚሠራው ጎማ፣ በአምራቾች አጠራር ኤም/ቲ የተባለው፣ ጥርሶቹ ትልልቅና የተራራቁ የሆኑት ሲሽከረከር ጭቃውን ወደ ውጭ እንዲወረውር ነው። ከሥር ጠንካራ መሬት ባለበት ስፍራ ደግሞ ጭቃውን ሰንጥቆ የሚወርድ ጠባብ ጎማ ከሰፊው ይሻላል፤ ይህም ሰፊ ጎማን እንደ ጌጥ ለሚያዩ ወዳጆቻችን ደስ የማያሰኝ እውነት ነው።

ታዲያ ኤም/ቲ ገጥመን ለምን አንገላገልም? መልሱ አስፋልቱ ላይ ይገኛል። በመማሪያ መጻሕፍት እንደሚገለጸው የሰበቃ ኃይል በመነካኪያው ስፋት ላይ አይመሠረትም። ላስቲክ ግን ይህን ሕግ በትክክል አያከብርም። ላስቲክ ወደ ጥቃቅን የአስፋልቱ ሸካራዎች ተጭኖ ይገባል፣ በሞለኪውል ደረጃም ይጣበቃል፤ ስለዚህ ብዙ ላስቲክ መንገዱን በነካ መጠን አያያዙ ይሻሻላል። የእሽቅድምድም መኪናዎች በደረቅ ቀን ፈጽሞ ጥርስ የሌለው ጎማ የሚገጥሙት ስለዚሁ ነው። ኤም/ቲ በአንጻሩ ከመሬት ነኪ ገጹ ሰፊው ክፍል ባዶ ክፍተት ነው፤ ረጃጅም ጥርሶቹም ፍሬን ሲያዝ ይተጣጠፋሉ። ለምሳሌ ያህል በርጥብ አስፋልት ላይ የሰበቃ መጠኑ ከ0.7 ወደ 0.5 ቢወርድ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍሬን ከያዘበት ቅጽበት ጀምሮ የሚቆምበት ርቀት ከ36 ሜትር ወደ 50 ሜትር ይረዝማል። በእነዚያ 14 ሜትሮች ውስጥ መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን ሊኖር ይችላል።

በአንጻሩ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውኃውን የሚያስወግድበት መስመር ስለሌለው በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአውሮፕላን ጎማዎች ላይ ካደረገው ምርምር በተገኘው ቀመር መሠረት፣ ውኃ ባቆረ መንገድ ላይ ጎማ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት በሰዓት ኪሎ ሜትር ሲለካ 6.35 በግፊቱ (በኪሎ ፓስካል) ስኩዌር ሩት ተባዝቶ የሚገኘው ነው። በ220 ኪሎ ፓስካል 94 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በ120 ደግሞ 70 ብቻ። ለአሸዋ ያዳነን ግፊት በክረምት ዝናብ በአስፋልት ላይ ጠላት ይሆናል ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥተን በሰመራ በኩል ወደ አፍዴራ ስንወርድ ደግሞ ሌላ አስገራሚ ነገር ይገጥመናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የከባቢ አየሩ ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። የአፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግፊቱ 102 ይሆናል። የጎሚስታው መለኪያ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ስለሆነ፣ በከፍታው ለውጥ ምክንያት ብቻ ንባቡ በ25 ኪሎ ፓስካል መውረድ ነበረበት። ነገር ግን በጠዋት 15 ዲግሪ የነበረው አየር በአፋር 40 ዲግሪ ይደርሳል። ፍጹም ግፊቱ (220 ሲደመር 77፣ ማለትም 297) በ313 ኬልቪን ተባዝቶ ለ288 ሲካፈል 323 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ 102 ሲቀነስ 221! ቁልቁለቱ የወሰደውን ሙቀቱ መለሰው። ተማሪዎቻችን ይህን በወረቀት አስልተው፣ መኪናው በጥላ ሥር ቆሞ ጎማው ከቀዘቀዘ በኋላ በመለኪያ ሲያረጋግጡት የሚሰማቸው ደስታ የጉዞውን ድካም ያስረሳል። በነገራችን ላይ፣ ንጹሕ ናይትሮጅን ቢሞላም ስሌቱ ያው ነው፤ የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው።

ይህን ሁሉ የምናስተምር ሰዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው አካባቢ አንድ ስሕተት ፈጸምን። ለአሸዋው ብለን ግፊቱን ወደ 120 አውርደን፣ ሥራችንን ጨርሰን ወደ አስፋልቱ ስንወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሾፌሩ ጎማውን እንንፋ አሉ። እኛ ግን ቀጣዩ ከተማ ደርሰን እናስነፋለን ብለን አዘዝን። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ጎማው በሰከንድ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር የጎማው ጎን አንድ ጊዜ ይታጠፍና ይዘረጋል። ላስቲክ ሲታጠፍ የተቀበለውን ኢነርጂ ሲዘረጋ በሙሉ አይመልስም፤ ቀሪው ወደ ሙቀት ይለወጣል። አየሩ ባነሰ መጠን መታጠፉ ይጨምራል፣ ሙቀቱም እንዲሁ። ከ40 ኪሎ ሜትር በኋላ ሾፌሩ ሳያማክሩን መኪናውን አቆሙ። የኋላው ግራ ጎማ እጅ አያስነካም፤ ጎኑም እንደ ብርቱካን አብጦ ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ አምስት ተማሪዎች ተኝተዋል።

በኋላ ስናሰላው አራቱን ጎማዎች ለመንፋት ለእያንዳንዳቸው 70 ሊትር ያህል የውጭ አየር ይበቃ ነበር። በደቂቃ 30 ሊትር ለሚያስገባ ትንሽ ኮምፕሬሰር ይህ ከሩብ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው። ሾፌሩ ስለ ሞለኪውሎች አልተማሩም፤ የእኛ ዶክትሬት ግን በዚያ ምሽት ምንም አልፈየደንም። ሰውዬው ስኮርታውን ሲቀይሩ ክሪኩን ያቀበልነው እኛው ነን።

ወደ ምርጫው እንመለስ። ጉዞው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አስፋልት፣ ከዚያም ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች አሸዋና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለሆነበት መኪና የእኛ ምርጫ መካከለኛው ዓይነት፣ ኤ/ቲ የሚባለው ነው። ሆኖም ከጥርሱ ይልቅ ጎኑን እንመለከታለን፤ ስለታም የቅዝቃዥ ላቫ ድንጋይ የሚቀድደው ጎኑን ስለሆነ፣ ለጭነት ተብሎ የተጠናከረውን እንመርጣለን። መኪናው ከአስፋልትና ከፒስታ የማይወጣ ከሆነ የአስፋልቱ ጎማ፣ ኤች/ቲ፣ ያለ ኀፍረት ይገጠም። ኤም/ቲ በአንጻሩ ክረምቱን በሙሉ በመረሬ ውስጥ ለሚከርም መኪና ይቆይልን።

መጠኑንም ባይቀይሩት ይመረጣል። በጎማው ጎን 265/70አር16 ተብሎ የሚጻፈው፣ ወርዱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ነው ማለት ነው፤ ሙሉ ቁመቱም 777 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለማማር ሲባል በ285/75አር16 ቢተካ ቁመቱ 834 ስለሚደርስ፣ መለኪያው 100 ሲያሳይ መኪናው በእርግጥ የሚጓዘው 107 ነው። ከዚሁ ቀጥሎ 112ኤስ የሚል ከተጻፈ ጎማው 1120 ኪሎ ግራም እንዲሸከምና በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የተፈቀደለት ነው።

ዕድሜውን ለማወቅ ደግሞ ዲ.ኦ.ቲ ከሚሉት ፊደላት ተከትለው ከሚመጡት ምልክቶች የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ማንበብ ነው። 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ገደማ መሆኑ ነው። ሻጩ አዲስ ነው ቢልዎትም ተጎንብሰው ያንብቡት፤ አኃዞቹ በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሚታተሙ፣ ወደ ውስጥ ዞረው ተገጥመው ከሆነ ከመኪናው ሥር ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ስኮርታውንም አይርሱ፤ የእኛ በዚያ ምሽት የዘጠኝ ዓመት ጎማ ነበር።