የአቅጣጫ ቃላት በስዊድንኛ ቋንቋ

አራቱ ማዕዘናት በዓለም ሁሉ አንድ ናቸው፤ ስሞቻቸው ግን በየቋንቋው የራሳቸው አገባብ አላቸው። በዚህ አጭር ጽሑፍ በስዊድንኛ የአቅጣጫ ቃላት በዕለት ተዕለት ኑሮ እንዴት እንደሚያገለግሉ እንመለከታለን።

በስዊድንኛ ሰሜን «ኖር»፣ ደቡብ «ሶደር»፣ ምሥራቅ «ኦስተር»፣ ምዕራብ «ቬስተር» ይባላሉ። ቃላቱ እንደ አገባባቸው ቅርጻቸውን ይለውጣሉ። ለምሳሌ «ወደ ሰሜን» ለማለት «ኖሩት»፣ «ከሰሜን» ለማለት ደግሞ «ኖሪፍሮን» ይባላል።

የውስጥና የውጭ ልዩነት

የቋንቋውን ጀማሪ ተማሪዎች ይበልጥ የሚያሳስቱት «ኖራ» እና «ኖር ኦም» ናቸው። «ኖራ» የአንድን ቦታ ሰሜናዊ ክፍል ሲያመለክት፣ «ኖር ኦም» ከቦታው ወሰን ውጭ በስተሰሜን ያለውን ያመለክታል። የኪሩና ከተማ በ«ኖራ» ስዊድን፣ ማለትም በአገሪቱ ውስጥ ትገኛለች። ኡፕሳላ ግን ከስቶክሆልም «ኖር ኦም» የምትገኝ ራሷን የቻለች ከተማ ናት። ስለዚህ ሁለቱን ቃላት ያምታታ መንገደኛ በከተማው ሰሜናዊ ሰፈር መውረድ ሲገባው ከከተማው ጨርሶ ሊወጣ ይችላል።

የነፋስ ስሞች

ነፋስ የሚሰየመው በሚነሣበት አቅጣጫ ነው። ከሰሜን የሚነፍሰው «ኖርዳን»፣ ከደቡብ የሚነፍሰው «ሱናን» ይባላል። «ኖርዳን» ሲነፍስ አየሩ የሚጓዘው ወደ ደቡብ ነው፤ ይህን በተቃራኒው የተረዳ መርከበኛ ጀልባው ወደየት እንደምትገፋ ይሳሳታል። ደቡብ ምዕራብን የሚያመለክተው «ሲድቬስት» ደግሞ መርከበኞች የሚያደርጉት፣ ከኋላው ሰፊ ጠርዝ ያለው የዝናብ ባርኔጣ መጠሪያም ነው።

የቦታ ስሞች

የስቶክሆልም ነዋሪዎች ሶደርማልም የተባለውን የከተማውን ክፍል በአጭሩ «ሶደር» ይሉታል። ከስዊድን የቆዳ ስፋት ከግማሽ በላይ የሚይዘው ሰሜናዊ ግዛትም «ኖርላንድ» ማለትም «የሰሜን ምድር» ይባላል።

ስዊድናውያን የባልቲክን ባሕር «የምሥራቅ ባሕር» ብለው ይጠሩታል። በማዶ ያሉት ኢስቶኒያውያን ግን «የምዕራብ ባሕር» ይሉታል። የሚያስገርመው፣ ባሕሩ በደቡባቸውና በምዕራባቸው የሚገኘው ፊንላንዳውያን በቋንቋቸው «የምሥራቅ ባሕር» ማለታቸው ነው። ስያሜው ከስዊድንኛ የተተረጎመ ሲሆን፣ ፊንላንድም እስከ 1809 እ.ኤ.አ. ድረስ የስዊድን መንግሥት አካል ነበረች።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ የአቅጣጫ ቃል ትርጉም የሚሟላው «ከየት ሆኖ ሲታይ?» የሚለው ጥያቄ ሲመለስ ነው።