ስታርባክስና ቻርባክስ፦ ዳኛ መመሳሰልን በምን ይመዝናል?

ሁለቱን ስሞች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ስታርባክስ፣ ቻርባክስ፤ መነሻቸው ቢለያይም መድረሻቸው አንድ ነው። ይሁንና በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከ2001 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ከተጓተተው ሙግት አሸንፎ የወጣው ግዙፉ ስታርባክስ አይደለም።

ተከሳሹ በኒው ሃምፕሻየር ግዛት የሚገኝ፣ ብላክ ቤር ማይክሮ ሮስተሪ የተባለ አነስተኛ የቤተሰብ ቡና ቆይ ነው። በ1997 ጠቆር አድርጎ የቆላውን ቡና «ቻርባክስ ብሌንድ»፣ ኋላም «ሚስተር ቻርባክስ» ብሎ ለገበያ አቀረበ። «ቻር» ማሳረር ነው፤ ስታርባክስ ቡናውን ከሌሎቹ ይልቅ አጥቁሮ ይቆላል በሚባለው ላይ የተሰነዘረች ሽሙጥ መሆኗ ነው። የኛ አንባቢ ስታርባክስን የሚያስታውሰው ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ በተባሉት ስሞች ሳቢያ ከኢትዮጵያ ጋር ገብቶበት ከነበረውና በ2007 በስምምነት ከተቋጨው ውዝግብ ይሆናል። ያኔ የስም መብት ጠያቂዋ ኢትዮጵያ ነበረች፤ በዚህኛው ጉዳይ ግን «ስሜ ተነካ» ባዩ ራሱ ነው።

ጉዳዩን ያዩት የኒው ዮርክ ፌዴራል ዳኞች ለእንዲህ ያለው ክርክር የሚጠቀሙበት መመዘኛ የመጣው በ1961 ዳኛ ሄንሪ ፍሬንድሊ በፖላሮይድና በፖላራድ መካከል በነበረው ጉዳይ ከሰጡት ፍርድ ነው። (ፖላሮይድ ክሱን ሳያቀርብ ብዙ በመዘግየቱ ተረትቷል፤ መመዘኛው ግን በስሙ ይጠራል።) ስምንት ነጥቦች አሉት። የከሳሹ ምልክት ምን ያህል የታወቀ ነው? ዕቃዎቹስ ይቀራረባሉ? ተከሳሹ ስሙን የመረጠው በቅን ልቦና ነው? በተግባር የተሳሳተ ሰው ተገኝቷል? ገዢው መርምሮ የሚገዛ ነው ወይስ እግረ መንገዱን አንስቶ የሚሄድ? እያለ ይቀጥላል። ነጥብ ተደምሮ አሸናፊ አይለይበትም፤ በየጉዳዩ የትኛው እንደሚከብድ የሚወስነው ዳኛው ነው። የኢትዮጵያው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998ም ቢሆን መመሳሰሉን የሚያየው ሕዝቡን ከማሳሳቱ ጋር አያይዞ ነው።

ስታርባክስ በአንዳንዶቹ ነጥቦች ላይ አልተቸገረም። ምልክቱን የማያውቅ የለም፤ ሁለቱም የሚሸጡት ቡና ነው። ክርክሩ የጠበቀው መመሳሰሉ ላይ ነው። ገዢ ሁለቱን ዕቃ በእጁ ይዞ አያመሳክርም፤ ከትናንት የቀረ ደብዛዛ ትዝታ ይዞ ነው መደርደሪያው ፊት የሚቆመው። ይህ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ከሳሽን ነው። እዚህ ላይ ግን መደርደሪያው ራሱ ከሳሽን ጎዳው። ፍርድ ቤቱ ስሙን ከማሸጊያው ነጥሎ አላየውም። በቻርባክስ ብሌንድ ማሸጊያ ላይ የጥቁር ድብ ስዕል አለ፤ ከሥሩ የቆይው ስም በትላልቅ ፊደላት ተጽፏል። በሚስተር ቻርባክስ ላይ ያለው ደግሞ የሚራመድ ሰው ነው። የስታርባክስ ክብ አርማም ሆነ ባለዘውዷ የባሕር ሴት የሉም።

ስታርባክስ የተማመነበት ማስረጃ በስልክ የተካሄደ መጠይቅ ነበር። ከ600 ሰዎች 30.5 በመቶው ቻርባክስ ሲባሉ መጀመሪያ ትዝ ያላቸው ስታርባክስ ነው። ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ግን ቻርባክስ የሚባል ዕቃ ሊሸጥ የሚችለው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ስታርባክስ ያሉት 3.1 በመቶ ብቻ ናቸው። አንድ ስም ሌላውን ማስታወሱ ሌላ፣ ሰው የማንን ዕቃ እንደሚገዛ መሳቱ ሌላ። በዚያ ላይ መልስ ሰጪዎቹ በስልክ የሰሙት ቃሉን ብቻ ነው፤ ማሸጊያውን አላዩም። ለእኔ ከሙግቱ ሁሉ ይህን ያህል የሚያስተምር ክፍል የለም፦ ከሳሽ ራሱ ያመጣው ቁጥር ከሳሽን ረታው።

ቅን ልቦናውስ? ቆይው ስታርባክስን ማሰቡን አልካደም። ዳኞቹ ግን ስታርባክስን ማስታወስ መፈለግንና ገዢን ማታለል መፈለግን ለያይተው አዩ። ሊያታልል ያሰበ ሰው የራሱን ስም በትልቁ አይጽፍም። በዚያ ላይ ቻርባክስ ለዓመታት ሲሸጥ ተሳስቶ የገዛ ሰው መኖሩ አልተረጋገጠም።

የማደናገር ክሱ በ2005 ወደቀ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2009 አጸናው። ለስታርባክስ የቀረው ገዢ ባይደናገር እንኳ ዝነኛ ምልክት እንዳይደበዝዝ የሚጠብቀው ሕግ ነበር። በዚህ በኩል መስፈርቱ ላላ ስለሚል ጉዳዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመልሶ እንደገና ታየ። ያው የስልክ መጠይቅም ዳግም ተመዘነ። ኖቬምበር 2013 ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ምልክቱ ሊደበዝዝ እንደሚችል አልተረጋገጠም አለ፤ ቆይውም ስሙን እንዲተው አልታዘዘም።