ብረት ያልሆነው ብረት ድስት

ሐይቅ ከተማ ገበያ ገብታችሁ “ብረት ድስት” ብላችሁ ብትጠይቁ ነጋዴዋ የምታነሣላችሁ አሉሚኒየም ነው። ስሙ ከሸክላው ድስት ለመለየት የወጣ እንጂ ብረትነት የለውም፤ ማግኔት ብታስጠጉለት ንክች አያደርገውም። ለወጥ ሠሪ ይህ ግድ አይሰጣትም። አስፋልቱ ዳር ላለው መካኒክ ግን ሁለቱን መለየት የእንጀራ ጉዳይ ነው።

የጋራዡ ቃላት ብዙዎቹ ከጣሊያን የቀሩ ናቸው፦ ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን)፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው)፣ ባሌስትራ (የመኪናው ቅጠል ሞላ)፣ ካምቢዮ (ማርሽ ሳጥን)። የብዙ ሞተር ብሎክ የሚሠራበትን፣ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈሰውን ብረትም ጣሊያኖች ጊዛ ይሉታል። አጭር ስለሆነ እኔም በዚሁ ልጥራው።

ጊዛ ውስጥ ከመቶ 2.5 እስከ 4 እጁ ካርቦን ነው፤ ሲሊከንም አለበት። በተለመደው ግራጫ ጊዛ፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ በስስ ቅጠል መልክ ተለይቶ ይቀመጣል። ይኸው የእርሳስ መጻፊያው ጥቁር ነገር፣ ግራፋይት ነው። የጊዛ ጠባይ በአብዛኛው ከነዚህ ቅጠሎች ይመነጫል። ግራፋይት ያለሰልሳል፤ ስለዚህ ፒስተን ቀን ከሌት ቢመላለስበት ቶሎ አይበላም። ንዝረትንም ይውጣል፤ በመዶሻ ቆርቆር ቢያደርጉት ድምፁ የታፈነ ነው። የቶርኖ ማሽን አልጋ ከጊዛ የሚሠራው አንድም ለዚህ ነው። ጉዳቱም ከዚያው ነው፤ እያንዳንዱ ቅጠል አስቀድሞ የተሰነጠቀ ቦታ ያህል ስለሆነ፣ ጊዛ ሲጫኑት ይሸከማል፣ ሲያጎብጡት ይሰበራል። አንጥረኛ ከአሮጌ ባሌስትራ ማረሻ አግሎ ያወጣል። የብሎክ ስባሪ ቢሰጡት ግን በመዶሻ ሊገራው አይችልም፤ ይፈረካከስበታል።

አሉሚኒየም ሌላ ፍጥረት ነው። አንድ ሊትር የሚሞላ ጊዛ 7.2 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ በዚያው ልክ ያለ አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ ነው። ጊዛ ለመቅለጥ ከ1,150 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ይቀልጣል፣ ለሞተር የሚሆነው ከሲሊከን ጋር የተዋሐደው ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ሙቀትን ከጊዛ ሦስት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ያሳልፋል። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዙ ትናንሽ ሞተሮች በአሉሚኒየም ክንፍ የተከበቡት ለዚህ ነው። ሆኖም ፒስተኑ የሚሄድበት ውስጠኛው ሸሚዝ ብዙ ጊዜ ጊዛ ነው፤ ራቁቱን አሉሚኒየም ይቦጨቃልና።

ብዙ መኪኖች ላይ ሁለቱ ተጋብተዋል፦ ብሎኩ ጊዛ፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። ጋብቻው የሚፈተነው ከሐይቅ ወደ ደሴ ሲወጣ ነው። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ከሐይቁ ዳር እስከ ደሴ ግን ከፍታው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምራል። በሐይቁ ዳር ክፍት ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ሽቅብ በወጡ ቁጥር ደግሞ ባነሰ ሙቀት። ይህን የሚያካክሰው ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። ክዳኑ ካረጀና የጫነ መኪና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ከወጣ፣ ውሃው ይፈላል።

ያኔ ሁለቱ ብረታ ብረቶች በየፊናቸው ያብጣሉ። ግማሽ ሜትር የሚረዝም ቴስታታ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ቢጨምር 0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከሥሩ ያለው ጊዛ ግን ከ0.4 ብዙም አያልፍም። ልዩነቱን የሚችለው መሐል ያለው ቀጭን ጓርኒሲዮን ነው። ቡሎን ጠፍንጎ የያዘው ቴስታታ መሄጃ ሲያጣ ይጣመማል። ረዳቱ ሮጦ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሰበትማ አለቀ፦ ጊዛው ይሰነጠቃል፣ አሉሚኒየሙ ይጎብጣል። ሞተሩ ራሱ እስኪበርድ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚጠብቀውን ሾፌር ሰነፍ የሚሉት፣ ቴስታታ ገዝተው የማያውቁ ናቸው።

“የድሮ ሞተር ይሻላል፣ ሁሉ ነገሩ ብረት ነበር” የሚሉ ሾፌሮች ግማሽ እውነት አላቸው። ጊዛ ቸልተኝነትን የበለጠ ይታገሣል። ሲጎዳ ግን ሐኪሙ ውድ ነው። እንዲሁ ቢበየድ፣ ከብየዳው ጎን ያለው ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ እንደ መስተዋት ጠንክሮ እንደገና ይሰነጠቃል፤ አስቀድሞ ማጋል፣ የኒኬል ዘንግ መጠቀም፣ ከዚያም በአመድ ወይም በአሸዋ ቀብሮ በዝግታ ማብረድ ያስፈልጋል። የአሉሚኒየም ብየዳ ሌላ ዓይነት ተንኮል አለው። ላዩን የሸፈነው የኦክሳይድ ቆዳ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም፣ ውስጡ ግን ቀድሞ ውሃ ይሆናል። እንደ ብረት ቀልቶም አያስጠነቅቅም፤ በያጁ ገና ነው ሲል በድንገት ይናዳል።

የጎበጠ ቴስታታ በማሽን ተልጎ ይስተካከላል፤ ያውም ለትንሽ ጊዜ ነው። ደጋግመው ከላጉት ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል። የማይሆነውን ቆራሌው ይወስደዋል፤ በኪሎም ከጊዛው አስበልጦ ይገዛዋል።